ቴምብር በግምት አታስለጥፉን፦ ለፖስታ ቤታችን ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የፖስታ ቤታችን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

እኔ እዚሁ ጎጃም፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ነኝ። አምስት ነን። ለፍርድ ቤት እንጽፋለን፣ ለቀበሌ እንጽፋለን፣ ፎርም እንሞላለን። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት ደግሞ ለልጅና ለዘመድ የሚላክ ደብዳቤ እንጽፋለን። የከተማዋን ስም ሆን ብዬ ነው ያልጠራሁት። የማንንም ሠራተኛ ስም ማንሣት አልፈለግሁም፤ እናንተ ስታነቡት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የምጽፈውም አምስታችን ተነጋግረንበት ነው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። የውስጡ ግድግዳ ቀለም ሲቀባ የታሪፉ ሰንጠረዥ ተነሣ። ቀለሙ ደረቀ፣ ሰንጠረዡ ግን አልተመለሰም። ቀጥሎ መስኮቱ አጠገብ የነበረው ሚዛን ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ «ትንንሹ ቴምብር አልቋል፣ ያለው ትልቁ ነው» መባል ተጀመረ። አሁን ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ስንት እንደሚመዝን አያይም፣ ለስንት ግራም ስንት እንደሚከፈል አያነብም፣ ዋጋውን ቢያውቅ እንኳ ልኩን የሚሆን ቴምብር አያገኝም። የተነገረውን ይከፍልና ይሄዳል። አለዚያ ወደ እኛ ተመልሶ «ስንት ነው የሚለጠፍበት?» ይለናል። ድሮ ሰንጠረዡን አይተን እንነግረው ነበር። ዛሬ የምንመልሰው የለንም።

«ደግሞ ዛሬ ማን ደብዳቤ ይልካል፣ ሁሉም በስልክ ሆኗል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን በር ላይ ተቀምጠን እናያለን። ውክልና ይላካል። የትምህርት ማስረጃ ይላካል። ፎቶ ይላካል፣ የሠርግ ጥሪ ይላካል። ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ አለ። ስልክ እያላቸውም ወረቀቱ ራሱ ከነፊርማው፣ ከነማኅተሙ እንዲደርስላቸው የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

በተራው ደብዳቤ ልጀምር። በዓለም የፖስታ አሠራር የደብዳቤ የመጀመሪያው የክብደት እርከን ለረጅም ዘመን 20 ግራም ሆኖ ቆይቷል። ሃያ ግራም ስንት ቅጠል ወረቀት እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኛ በሥራችን ለምደነዋል። ማተሚያ ላይ የሚገባው ነጭ ኤ4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ነው። እሽጉ ላይ 80 ግራም ተብሎ የሚጻፈው የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ነው እንጂ የቅጠሉ አይደለም፤ ይኼ ብዙ ሰው ያሳስታል። ረጅሙ ነጭ ፖስታ ባዶውን 5 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ሦስት ቅጠል ከነፖስታው የሃያው አፋፍ ላይ ይቆማል፣ አራተኛው ሲጨመር ወደሚቀጥለው እርከን ያልፋል። ሁለት ቅጠል ግን ምንም አያሰጋም። ለዚህ ነው ደብዳቤ ስንጽፍ «እታለም፣ የቀረውን በጀርባው ላድርግልሽ» የምንለው። የደሀ ሰው ብር እንዳይባክን እኛ በቅጠል እየቆጠርን ነው የምንጽፈው።

አሁን ኅዳር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ከገጠር ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጡ። አዋሽ አካባቢ እርሻ ላይ ለሚሠራ ልጃቸው ደብዳቤ አጻፉኝ። ሁለት ቅጠል ሆነ። የእህቱን ልጅ የክርስትና ፎቶ ጨመሩበት፣ አንድ ፎቶ ብቻ። ሃያ ግራም እንደማይሞላ እርግጠኛ ስለነበርኩ «የአንድ ተራ ደብዳቤ ቴምብር ይበቃዎታል እማ» አልኳቸው። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ፖስታውን መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገውና «ይሄ ከበድ ይላል» ብሎ እጥፍ አስከፈላቸው። ተከትያቸው ገብቼ ነበርና «እባክህ ይመዘን» አልኩት። «ሚዛኑ ውስጥ ነው፣ ሰልፍ አለ» አለኝ። እናትየው ጨው ሊገዙበት የያዙትን ብር አውጥተው ከፈሉ። ጨው ሳይገዙ ነው የተመለሱት። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እኔ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አንድ ሠራተኛ በመዳፉ አምስት ግራምን ከአሥር ግራም ይለያል ብዬ አላምንም። እኔም አልችልም። ሚዛን የተሠራው ለዚህ ነው።

ስለ ትንንሾቹ ቴምብሮች ደግሞ ሁለት ዓይነት ችግር አለ፣ ሁለቱም ደርሶብናል። ትልቁ ብቻ ሲኖር ሰው ከሚገባው በላይ ይለጥፋል፤ መልስ የሚባል ነገር የለም። ጥር ላይ ደግሞ ተገልብጦ በጣም ትንሹ ዋጋ ብቻ መጣ። አንድ ጡረተኛ መምህር ለአንድ ደብዳቤ አሥራ አራት ቴምብር ገዝተው ወደ እኔ መጡ። ቦታ የለውም። የፊቱን ግማሽ ሸፈነው፣ የተቀባዩ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሥሩ ገባ። አንሥቼ እንደገና በሌላ ፖስታ ጻፍኩት፣ አድራሻውን ወደ ታች አወረድኩት፣ ቴምብሮቹን ከላይ በቀኝ በኩል በሦስት ረድፍ ደረደርናቸው። ቴምብር የሚለጠፈው አድራሻው ባለበት ፊት ከላይ በቀኝ ነው፣ ማኅተም የሚመታውም እዚያው ነው። አሥራ አራት ቴምብር ከነሙጫው ራሱ ክብደት አለው። አፋፍ ላይ ያለ ደብዳቤ ቴምብሩ ሲለጠፍበት ወደሚቀጥለው እርከን ሊያልፍ ይችላል። ይህንንም ማሰብ ያስፈልጋል።

የሚያሳዝነኝ ይህ ችግር ገና ከመነሻው የታሰበበት መሆኑ ነው። የአገራችን ፖስታ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ሲቋቋም ፓሪስ ታትመው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ነበሩ። ግርሽ የዚያን ዘመን ሳንቲም ነው፤ ሩብ ግርሽ፣ ግማሽ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት ግርሽ። በትንንሾቹ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በትልልቆቹ ላይ አንበሳው። ልብ ብላችሁ እዩት፣ እያንዳንዱ የፊተኛው እጥፍ ነው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ የያዘ ሰው ከሩብ ግርሽ ጀምሮ እስከ ሠላሳ አንድ ግርሽ ከሦስት ሩብ ድረስ የፈለገውን ዋጋ በሩብ ልዩነት ልክ አድርጎ መለጠፍ ይችላል። አንድም ሩብ ሳይተርፍ፣ አንድም ሳይጎድል። እስኪ በወረቀት ደምሩት። የዛሬው ሰው ያን ያህል እንኳ አማራጭ ሲያጣ እንዴት ዝም ይባላል?

ወደ ቅርጹ ልምጣ፤ አምስታችንም ብዙ ቅሬታ የሰማነው በዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። በኅብረቱ ልኬት መሠረት ወደ ውጭ የሚሄድ ትንሽ ደብዳቤ የሚባለው ከ90 በ140 ሚሊሜትር የማያንስ፣ ከ165 በ245 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ውፍረቱ ከ5 ሚሊሜትር ያላለፈ ነው። ከዚያ ትልቁ ጠፍጣፋ ይመጣል፣ እስከ 305 በ381፣ ውፍረቱ እስከ 20 ሚሊሜትር። ከዚያ ያለፈው ወፍራም መልእክት ነው፣ እስከ 2 ኪሎ። ይህን ሳያውቅ በክብደት ብቻ ቴምብር የለጠፈ ሰው ይሳሳታል፤ ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ውፍረቱ የሚያልፍ ነገር አለና።

የሠርግ ጥሪ ካርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሁን የሚታተሙት ካርዶች ሪባን አላቸው፣ መሐላቸው አበባ የተለጠፈባቸው አሉ፣ አራቱም ጎናቸው እኩል የሆኑም አሉ። ባለፈው ጥር አንድ ቤተሰብ ለሙሽራው እኅት ወደ ውጭ ካርድ ላከ። ክብደቱ ቀላል ስለነበር በመስኮቱ የተራ ደብዳቤ ቴምብር ተለጠፈበት። የሪባኑ ቋጠሮ ያለበት ቦታ ጣት ያህል ያበጠ ነበር፤ ማንም አልለካውም። ካርዱ ሲደርስ «ቲ» የምትል የላቲን ፊደል ተመትቶበት ነበር። ይቺ ፊደል ክፍያው ጎድሏል ማለት ናት፤ ከፈረንሳይኛ የመጣች ምልክት ናት። እኅትየዋ የወንድሟን የሠርግ ጥሪ ለመቀበል ልዩነቱን ከኪሷ ከፈለች። ደውላ «እንዴት ሳትከፍሉ ትልኩልኛላችሁ» ስትል ቤተሰቡ በጣም አፈረ። ከፍለዋል እኮ። የተባሉትን ነው የከፈሉት።

ሌላ አገር ይህን ለሕዝቡ እንዴት እንደሚያስረዱ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታ፣ የማይታጠፍ ደረቅ ነገር የያዘ፣ ክር ወይም ቁልፍ ያለው ደብዳቤ በማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ሰው ሒሳብ እንዳያስቸግረው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ልኩን የሚሆን፣ የቢራቢሮ ሥዕል ያለበት ቴምብር አወጡለት። ካርድ አታሚዎችም በፖስታው ጥግ ላይ የቢራቢሮ ጥላ ያትማሉ። ገዢው ያን ሲያይ ቢራቢሮውን ይለጥፋል፣ አለቀ። እኛ ማሽን የለንም፣ ቢራቢሮም አልጠየቅንም። በግልጽ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው የጠየቅነው።

ከሁሉ በላይ ያመመኝን ልንገራችሁ። በቢቸና በኩል ያሉ አንድ መሪጌታ ብራና ራሳቸው ፍቀው፣ ራሳቸው ሥዕል ይሥሉበታል። የብራና ሥራ ምን እንደሆነ ጎጃም ውስጥ ላለ ሰው አልነግርም፤ ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። እኚህ ሰው ለውጭ አገር ገዢ አንድ አዲስ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሠርተው፣ ጠቅልለው፣ በካርቶን ቱቦ ውስጥ አድርገው ይዘው መጡ። ሁለት ወር የደከሙበት ነው። በመስኮቱ «ክብ ነገር አይሄድም፣ አጥፈው በትልቅ ፖስታ ያምጡት» ተባሉ። መሪጌታ ተከራከሩ፣ ብራና አይታጠፍም አሉ። ሰልፉ ረዘመ፣ ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ። በመጨረሻ የቤታቸው መንገድ ሩቅ ስለሆነ፣ ያን ቀን ካልላኩትም ገዢው ስለሚያልፋቸው፣ አጠፉት። ሥዕሉ ሲደርስ ቀለሙ በእጥፉ መሥመር ላይ ተሰነጣጥቆ፣ የፈረሱ አንገት ላይ ተላልጦ ነበር። ገዢው የከፈለው ከተስማሙበት ያነሰ ነው።

ጥቅል እኮ ይሄዳል። በዚያው የዓለም ፖስታ ልኬት ለጥቅል የራሱ ደንብ አለው፦ ርዝመቱ ሲደመር የውፍረቱ ሁለት እጥፍ ከ1040 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ ርዝመቱም ብቻውን ከ900 እንዳይበልጥ። የመሪጌታን ቱቦ እኔ በራሴ ማስመሪያ ለክቼዋለሁ። ርዝመቱ 60 ሳንቲሜትር፣ የክቡ ስፋት 7። ሰባት በሁለት አሥራ አራት፣ ከስድሳ ጋር ሰባ አራት ሳንቲሜትር። የተፈቀደው 104 ነው። ሠላሳ ሳንቲሜትር ይተርፈዋል። ማስመሪያና የአንድ ደቂቃ ጊዜ ቢገኝ ኖሮ ያ ሥዕል አይጎዳም ነበር።

ጥቅል ለሚልክ ሰው እግረ መንገዴን ልንገር፦ ቴምብሩን በክቡ ዙሪያ አትጠምዝዙት፣ ጠርዙ ይላቀቃል። በቱቦው ርዝመት አንጻር ለጥፉት። የተሻለው ደግሞ ጠፍጣፋ ካርቶን በገመድ አስሮ አድራሻውንም ቴምብሩንም እሱ ላይ ማድረግ ነው፤ ማኅተምም እዚያ ላይ ሲመታ ይነበባል። ክረምት ላይ ቴምብሮቹን ለየብቻ በላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ፣ እርጥበት ሲያገኛቸው ጀርባቸው እርስ በርስ ይጣበቃል። መስኮቱ ላይ ያለው የሙጫ ቆርቆሮም ደርቋል፤ ሰው በቤቱ የዱቄት ሙጫ ይዞ መምጣት ጀምሯል።

አንድ ዓይነ ስውር ተማሪም አለ፣ ይሄም መነሣት ያለበት ነው። ውጭ አገር ላለ ጓደኛው በብሬል፣ በጣት እየተዳሰሰ በሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት፣ ይጽፋል። የብሬል ወረቀት ወፍራም ነው፣ ነጥቦቹም ከፍ ስለሚሉ ጥቂት ገጽ ብቻ ሆኖ ፖስታውን ያሳብጠዋል። እንደ ከባድ መልእክት ሁለት ጊዜ አስከፍላችሁታል። በዓለም ፖስታ ስምምነት ግን የዓይነ ስውራን መልእክት እስከ 7 ኪሎ ድረስ ከአየር ማጓጓዣው ተጨማሪ በስተቀር ከፖስታ ክፍያ ነጻ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር፣ እኔ ነኝ የነገርኩት። ክፍያው ሳያንስ ማኅተሙ መሐሉ ላይ በኃይል ተመትቶ ነጥቦቹ ተደፍጥጠው ደርሰዋል። ጓደኛው አንድ ገጽ ማንበብ አልቻለም። እዚህ ላይ እባካችሁ ለሠራተኞቻችሁ ንገሩ፦ ብሬል ማለት ነጥቡ ነው፣ ነጥቡ ከተደፈጠጠ ደብዳቤው ጠፋ ማለት ነው።

የመጨረሻው የቴምብር መምታታት ነው። በአማርኛ ውል ላይ የሚለጠፈውም «ቴምብር»፣ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈውም «ቴምብር» ነው። አንዱ በቴምብር ቀረጥ አዋጅ የሚከፈል የመንግሥት ቀረጥ ነው፣ ሌላው የፖስታ ሒሳብ ነው። አንድ አዛውንት የመሬት ኪራይ ውል ሲዋዋሉ የተረፋቸውን የቀረጥ ቴምብር ለልጃቸው በሚልኩት ደብዳቤ ላይ ለጥፈው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። እኔ ጋ አልመጡም፣ ቤታቸው ነው የለጠፉት። ደብዳቤው ለልጁ አልደረሰም፣ ለሳቸውም አልተመለሰም። በጀርባው የላኪው ስምና ቀበሌ በግልጽ ተጽፎ ነበር። አራት ወር ሙሉ ልጄ ለምን አይመልስልኝም እያሉ ተጨነቁ። ስሕተቱ የሳቸው ነው፤ ግን ስሕተት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ሊኖር ይገባ ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይኸው ነው። ሚዛኑ ወደ መስኮቱ ይመለስ፣ ቁጥሩም ለላኪው በሚታይበት በኩል ይዙር። የታሪፉ ሰንጠረዥ ይሰቀል፤ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ የክብደቱ ብቻ ሳይሆን የስፋቱና የውፍረቱም ልክ አብሮ ተጽፎ። መስኮቱ ላይ 5 ሚሊሜትርና 20 ሚሊሜትር ስንጥቅ ያለበት አንድ ጣውላ ይቀመጥ፣ ፖስታው ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ ሰው በዓይኑ ያየዋል፣ ክርክር የለም። ከትንሹም ከመካከለኛውም ከትልቁም ቴምብር አስቀድማችሁ አስመጡ፤ ልኩ በማይገኝበት ቀን ደግሞ ሠራተኛው ከፍሎ ለሚልክ ሰው «ትርፍ ነው የምትለጥፈው፣ ብትፈልግ ሌላ ቀን ና» ብሎ አስቀድሞ ይንገረው። ጥቅልና ቱቦ በልኬቱ መሠረት ይቀበሉ። የብሬል ደብዳቤ አይከፈልበት፣ ማኅተሙም ጥግ ላይ በቀስታ ይመታ። ቴምብር የጎደለውና የተሳሳተው ደብዳቤ የላኪ አድራሻ እስካለው ድረስ ምክንያቱ በአንድ መሥመር ተጽፎበት ይመለስ።

የመሪጌታን ሥዕልና የእናትየዋን የጨው ብር መመለስ እንደማይቻል እናውቃለን። ለተማሪው ግን ሁለት ጊዜ የከፈለበት ደረሰኝ እጁ ላይ ስላለ ገንዘቡ እንዲመለስለት እንጠይቃለን።

ሰንጠረዡን ለማሳተም በጀት የለም ከተባለ እኛ በእጃችን እንጽፈዋለን። ፊደላችን ይነበባል፣ ሥራችን ነው። ዋጋውን የያዘውን ወረቀት ሰኞ ጠዋት ስጡን፣ ካርቶኑንም ቀለሙንም ከራሳችን አድርገን በዚያው ቀን ከቀትር በፊት እናስረክባችኋለን። መስቀያው ምስማር ግድግዳው ላይ አሁንም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

በፖስታ ቤቱ በር ላይ የምንቀመጥ አምስት ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣
በአንዳችን እጅ የተጻፈ

ጎጃም